ሰማያዊው ገመድና የመሪጌታ ጆሮ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሌላውን ሁሉ ነግሬአቸዋለሁ። በጎረምሳነቴ የጎረቤት ድንበር ገፍቼ ማረሴን፣ በሁዳዴ ጫግኒ ወርጄ ሥጋ መብላቴን፣ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴን በክፉ ቃል ማስለቀሴን፣ አንድም አላስቀረሁም። እርሳቸውም መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ሌላስ?» ይላሉ። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። እየዋሸሁ ነው። ሌላ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከምላሴ ሥር ሸጉጬ የኖርኩት ሌላ አለ።

የአንድ ሰው ጆሮ አጥፍቻለሁ። በዱላ አይደለም፣ በመርዝም አይደለም። በአንድ ሰማያዊ ገመድና የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል መዞሪያ ነው ያጠፋሁት።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ ስለ ራሴ መናገር ከድሮም አይከብደኝም። ያረጋል እባላለሁ። እንጅባራ ላይ «ኢንጂነር ያረጋል» ብላችሁ ብትጠይቁ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ማንም ሰው የሱቄን በር ያሳያችኋል። ትምህርቴ አዘና ላይ አራተኛ ክፍል ደርሶ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ መምህሬ እኔው ነኝ። የመጀመሪያዋን ሬዲዮ የፈታኋት በካራ ጫፍ ነው፤ ስገጥማት ሁለት ብሎን ተረፈኝ፣ እርሷ ግን ከበፊቱ አብልጣ ጮኸች። የእንግሊዝኛ መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈለፈልኩ አንብቤአለሁ። ዳንግላና ጫግኒ ላይ «አይሆንም» የተባለ ቴፕ እኔ ጋ መጥቶ ሳይዘፍን የተመለሰበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዲግሪ የጫኑ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው «ጋሼ፣ ይህን ከየት ተማሩት?» ብለውኛል። «ከብልሽቱ» አልኳቸው። እስቲ ከዚህ የተሻለ መልስ ማን ይመልሳል?

አያችሁ? ኃጢአቴን ልናዘዝ ተቀምጬ እንኳ መመካቴን አልተውኩም። ይህንኑ ልብ በሉልኝ፤ በደሌ የተወለደው ከዚሁ ነው።

መሪጌታ ሐዲስ የአርባ ዓመት ወዳጄ ናቸው። ዕድሜያቸውን ዜማ በማስተማር የፈጁ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ጉድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው፣ ውስጥ የሚዘምሩትን ሳያዩ፣ የማን ጸናጽል እንደ ዘገየ በስም ይጠሩ ነበር። እኔ በመሣሪያ የምለካውን እርሳቸው በጆሮ ይለኩታል። የተዋደድነውም በዚህ ይመስለኛል፤ ሁለታችንም የድምፅ ሰዎች ነን። ሲቆጡኝ በአማርኛ፣ ሲቀልዱብኝ በአገውኛ ነበር። መጀመሪያ ሬዲዮናቸውን፣ ኋላም ቴፓቸውን እየጠገንኩ ከቤታቸው አልጠፋም ነበር። ባለቤቴ ካረፈች በኋላማ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እግሬ የሚያመራበት ሌላ ቤት አልነበረኝም።

ልጃቸው ብርቄ ባሕር ዳር የኮምፒውተር መስመር ዝርጋታ ላይ ትሠራለች። አንድ ጊዜ ለበዓል ስትመጣ ሁለት ድምፅ ማጉያና አንዲት ጥቁር ሣጥን ይዛ መጣች። ሣጥኗ ካሴት የላት፣ ሲዲ የላት፤ መዝሙሩን ከኢንተርኔት እየሳበች ነው የምታሰማው። ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተር ከብርቄ ክፍል ተቀምጧል፤ ከዚያ አንድ ቀጭን ግራጫ የኔትወርክ ገመድ ግድግዳውን ታኮ ሳሎን እስካለችው ሣጥን ይመጣል። መሪጌታ ከቀርቀሃ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሩቅ አድባራት የተቀዳ ማሕሌት ሲሰሙ ማየት ደስ ይል ነበር። ደስ ይል ነበር እላለሁ እንጂ እኔን ትንሽ ቆረቆረኝ። ያቺ ሣጥን መበላሸት አታውቅም። እኔን አትፈልግም።

ዘመኑም ፊቱን አዙሮብኝ ነበር። ሬዲዮ የሚያስጠግን ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ዘፈኑን በስልኩ ይዞ ይሄዳል። ከሱቄ ፊት ለፊት ሞባይል የሚጠግኑት ወጣቶች «አባባ፣ ሙዚየም ነው እንዴ የከፈቱት?» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። ጠዋት ከፍቼ አመሻሽ ላይ ስዘጋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ከሚደበድበው በቀር ድምፅ ያልሰማሁበት ቀን ብዙ ነው። «ኢንጂነር» የምባልበት አንድ ቤት ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ የመሪጌታ ቤት።

በዚያ ክረምት መሪጌታ ሳንባቸውን ታመሙ። የመጀመሪያው መድኃኒት አላሽራቸው ስላለ፣ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት የሚወጉት፣ ወራት የሚወስድ መርፌ ታዘዘላቸው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ዝናቡ እየወረደ በባጃጅ ሱቄ ድረስ መጡ። ጋቢያቸውን እንኳ ሳያራግፉ ተቀመጡ።

«ያረጋል፣ ያ ማሽን ጸናጽሉን በላብኝ» አሉ። «ከበሮው አለ፤ የሰውም ድምፅ አለ፤ ጸናጽሉ ግን ሽንብራ የተቋጠረበት ጨርቅ ሲወዘወዝ ነው የሚመስለኝ።»

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መርፌው ጆሮ ሊነካ እንደሚችል ሐኪሙ አስጠንቅቋቸው እንደነበር ነገሩኝ። «‹ጆሮዎ ከጮኸ፣ ወይም ድምፅ ከራቀብዎ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ፤ ሌላ መድኃኒት አለን› ብሎኛል። አንተ የድምፅ ሰው ነህ። ንገረኝ እስቲ፤ ማሽኑ ነው ወይስ ጆሮዬ?»

ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። ዝናብ እየመታቸው እስከ ሱቄ ድረስ የመጡት ይህችን አንዲት ጥያቄ ሊጠይቁኝ ነው።

«አላውቅም፤ ሐኪሙን ይጠይቁ» ማለት ስንት ቃል ነው? ሦስት ቃል ነው። ሦስት ቃል ብቻ! እኔ ግን ያን ሁሉ ዕድሜ ኖሬ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እንዲያውም ልንገራችሁ፤ ጥያቄውን ስሰማ ደስ አለኝ። አንድ ሰው፣ ከወራት በኋላ፣ ብልሽት ይዞልኝ መጣ። ብልሽቱ የማሽን ከሆነ የእኔ ነው። የጆሮ ከሆነ የሐኪም ነው። ስለዚህ የማሽን እንዲሆን ፈለግሁ።

«ማሽኑ ነው» አልኩ። «ማሽኑም አይደለም፣ ገመዱ ነው። ያ ቀጭን ገመድ ድምፁን አጠበበው። ቀጭን ቧንቧ ብዙ ውኃ ያሳልፋል እንዴ?»

መሪጌታ ተነሡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቀት ሲቀልል አየሁት። በሩ ጋ ደርሰው ግን ዞር አሉ።

«ግን እኮ በእሑዱ ማሕሌትም ጸናጽሉ እንዲሁ ሆነብኝ።»

እናንተ የምታነቡ፣ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ወደ ደብሩ የሚገባ የኔትወርክ ገመድ የለም። በሰው እጅ የሚወዘወዝ ጸናጽል ራውተር አያሻውም። በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። ጆሯቸው መሆኑን፣ መርፌው መሆኑን፣ ሐኪሙ ያስጠነቀቃቸው ነገር መሆኑን አወቅሁ። አፌ ግን ከልቤ ቀደመ።

«መጥፎ ድምፅ ሲሰማ የከረመ ጆሮ፣ ጉዳቱን ደብርም ይዞት ይሄዳል» አልኳቸው። «ገመዱ ሲቀየር ይለቅዎታል።»

ይህን ከየት አመጣሁት? ከየትም። ቆሜ ፈጠርኩት። ግን ረጋ ብዬ፣ መነጽሬን አውልቄ እየወለወልኩ ተናገርኩት። እርሳቸውም አመኑ። ለምን አያምኑ? አርባ ዓመት ሙሉ «ብልሽቱ ይህ ነው» ባልኳቸው ጊዜ ሁሉ ብልሽቱ ያልኳቸው ነበር። በእውነት ያተረፍኩትን ስም ነው ለውሸት ያዋልኩት።

በማግሥቱ ብርቄ ደወለችልኝ።

«ጋሼ ያረጋል፣ አባቴ ስለ ገመድ የሚለኝ ምንድን ነው?»

«ለማሽኑ ወፍራም ገመድ እንቀይርለታለን፤ ድምፁ ይጠራል» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ! በዚያ ገመድ የሚሄደው እኮ ድምፅ አይደለም፤ ቁጥር ነው። ወይ ይደርሳል፣ ወይ አይደርስም። ቢጎድል ይቆራረጣል እንጂ አይደበዝዝም። ገመድ ስለወፈረ ጸናጽል አይጨምርም።»

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ እናትሽን ሳያገቡ እኔ ሽቦ እበይድ ነበር።»

ሣቀች። «እሱንስ አልክድም» አለች። ከንግግሯ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ስለ መርፌው ማስጠንቀቂያ አታውቅም። እንዳትጨነቅ አባቷ ደብቀዋታል። ብታውቅ ኖሮ በዚያው ቀን ሚኒባስ ይዛ ትመጣ ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ ስልኩም እጄ ላይ ነው። «ደህና ዋይ» ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ባሕር ዳር ሄጄ ሰማያዊውን ገመድ ገዛሁ። ወፍራም፣ ጫፉ ብረት የለበሰ፣ ሲያዩት የሚያስከብር ገመድ ነበር። መሪጌታ ጠዋት ለመርፌ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ ይተዉልኝ ነበርና፣ ሦስት ጠዋት ብቻዬን ከሳሎናቸው ተቀምጬ ሞከርኩት። ግራጫውን ሰክቼ ሰማሁ። ሰማያዊውን ሰክቼ ሰማሁ። ያንኑ መዝሙር፣ ያንኑ ቦታ፣ ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁ። ልዩነት የለውም። ደብዳቤ አድራሹ አዲስ ጫማ ስላደረገ ደብዳቤው አያምርም፤ ገመዱም እንደዚያው ነው። ብርቄ ልክ ነበረች። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው፣ በዚያ በቀጭኑ ግራጫ ገመድ ጸናጽሉ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ለእኔ፣ ሰባ ሊሞላኝ ጥቂት ለቀረኝ ሽማግሌ፣ እንደ ብር ሳንቲም እየተንሿሿ ይሰማኝ ነበር።

ታዲያ ለምን ተነሥቼ አልሮጥኩም? ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። ከወረፋው ላይ እጃቸውን ይዤ «መሪጌታ፣ ተሳስቻለሁ፤ ጆሮዎ ነው» ብላቸው ምን ይጎድልብኝ ነበር? የሚጎድልብኝን ልንገራችሁ። ለሰው ሁሉ አውርቼ ነበር። በመንገድ ላገኘሁት የሚካኤል ማኅበራችን አባል ሁሉ «ለሚካኤል ኑ፣ የመሪጌታን ጸናጽል አስነሣዋለሁ» ብዬ ነበር። የአንድ ሰው ጆሮና የእኔ አፍ ሚዛን ላይ ተቀመጡ፤ አፌ ከበደ።

ሚካኤል ደረሰ። የዚያ ወር ተራ የመሪጌታ ነበር፤ ማኅበርተኞቹ ሳሎኑን ሞልተው ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ከአንደኛው ድምፅ ማጉያ ጀርባ አንዲት ትንሽ መዞሪያ አለች፤ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ከፍና ዝቅ የምታደርግ ናት። ዙሪያዋን አሥር ነጭ ነጥቦች አሉባት፤ ብርቄ ስትተክለው አምስተኛው ላይ ነበረች። ፊቷ ወደ ግድግዳ ስለሆነ መኖሯን ከብርቄና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

መጀመሪያ በግራጫው ገመድ አሰማኋቸው። ከዚያ ሰማያዊውን እንደ ታቦት መጎናጸፊያ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸውና ሰካሁት፤ ገመዱን የማስተካክል መስዬ እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ፤ መዞሪያዋን እስከ ሰባተኛው ነጥብ ገፋኋት። ከዚያ ከፈትኩት።

ቤቱ በጸናጽል ተሞላ።

«ይበል!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ጎረቤታችን ጥሩዬ ብቻ ጠላዋን አስቀምጣ ጆሮዋን ያዘች። «እኔን በሳኝ ኧረ! ምነው እንዲህ ይሰነጥቃል?»

«ጥራት ያልለመደውን ጆሮ ይበሳል» አልኳት።

«እሱማ ያንተን ጉራ ሲሰማ የኖረ ጆሮ ጥራት ከየት ይልመድ!»

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። እኔም ሣቅሁ። መሪጌታ ግን አልሣቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ ጸናጽል እንደያዘ ሰው ቀስ ብለው ወዘወዙት። ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር።

«መጣ» አሉ። «መጣልኝ። ተመስገን፤ ጆሮዬ አይደለም።»

ይህን ቃል ሰማሁ። አጠገባቸው ቆሜ፣ ደህና በሆነው ጆሮዬ ሰማሁት። ሰዎቹ ትከሻዬን እየመቱ «ኢንጂነር!» አሉኝ። እኔም ቀና ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሪጌታ ስለ ጆሯቸው ለሐኪሙ ቃል አልተነፈሱም። መርፌውን ግን በየጠዋቱ ይወጉ ነበር።

በደሌ የአንድ ቀን ቢሆን ምናልባት በአንድ ቀን ስሕተት ላመካኝ እችል ነበር። የአንድ ቀን አልነበረም። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ «ያረጋል፣ ትንሽ ደበዘዘብኝ፤ ገመዱን እየው እስቲ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ የገመዱን ጫፍ ነቀልኩ፣ እፍ አልኩበት፣ መልሼ ሰካሁት፤ መዞሪያዋን በፀጉር ልክ ገፋኋት። «አሁንስ?» «አሁን ደህና።» በሌላ ሳምንት እንደገና። «አሁንስ?» «አሁን ደህና።» ስምንተኛው ነጥብ። ዘጠነኛው ነጥብ። ገባችሁ? ያች መዞሪያ የመሪጌታ ጆሮ ምን ያህል እንደቀረው የምታሳይ መለኪያ ሆና ነበር። ከዓለም ሁሉ ያንን መለኪያ የሚያነብ አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም እኔ ነኝ። በገዛ ጣቴ፣ በየሳምንቱ፣ ወዳጄ ሲደነቁሩ ለካሁ። ለካሁና ዝም አልኩ።

አሥረኛው ነጥብ ላይ መዞሪያዋ ቆመች። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላትም። እኔም እንደለመድኩት ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ጎንበስ እንዳልኩ «አሁንስ?» አልኩ። አልመለሱልኝም። «አሁንስ መሪጌታ?» አልኩ፤ ከፍ አድርጌ። ቀና ስል በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ነበር። ጸናጽሉን አይደለም ያልሰሙት። እኔን ነው።

ብርቄ መጥታ ባሕር ዳር ይዛቸው ሄደች፤ እኔም በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተከተልኳቸው። የጆሮ ሐኪሟ መቼ እንደ ጀመራቸው ስትጠይቅ ብርቄ ጥያቄውን በወረቀት ጻፈችላቸው። መሪጌታ የራሱን ድምፅ እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብለው መለሱ። «መጀመሪያማ ማሽኑ ነበር። ያረጋል ገመዱን ቀይሮ አስተካክሎልኝ ነበር» አሉ። በእኔ ኮርተው ነው የተናገሩት! ሐኪሟ ወደ ብርቄ ዞራ «እንደ ጀመራቸው ቢመጡ መርፌውን እንቀይረው ነበር። ሳንባቸው ድኗል፤ ከጆሯቸው የሄደው ግን አይመለስም» አለቻት። ብርቄ ወደ እኔ አየች። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

ቤት እንደተመለስን ድምፅ ማጉያውን ከግድግዳው ሳብ አድርጋ ጀርባውን ተመለከተች።

«ጋሼ፣ ይህን መዞሪያ ጥግ ድረስ ማን ነው ያዞረው?»

«እሳቸው ይሆናሉ» አልኩ። «አልሰማ ሲላቸው።»

መዞሪያዋን ወደ መካከል መልሳ ድምፅ ማጉያውን አስጠጋችው። የመጀመሪያውን በደሌን በኩራት ሠራሁት፤ ይህን ሁለተኛውን በፍርሃት ሠራሁት። ጆሯቸውን ካጠፋሁባቸው በኋላ ጥፋቱንም በእርሳቸው ላይ ጣልኩት። የቱ ይብሳል? እናንተ ፍረዱ። እኔ ስመዝነው ስድስት ዓመት ሆነኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አጭር ላድርገው። ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ፤ የማይሰማ መምህር ዜማ አያርም። በማሕሌት ቀን ከጥግ ቆመው የሌሎችን እጅ እያዩ መቋሚያቸውን ያነሣሉ፤ የከበሮውን ምት በእግራቸው መርገጫ እንደሚሰሙት ነግረውኛል። ጸናጽሉን ግን እግር አይሰማውም። ቤታቸው የሚመጣ ሰው የሚናገረውን በአንድ ወፍራም ባለ መስመር ደብተር ላይ ይጽፍላቸዋል፤ እርሳቸው አንብበው በአፋቸው ይመልሳሉ። የመጣው ሁሉ ጥቂት ይጽፍና እጁ ሲደክመው ይነሣል። ከዓመት ዓመት የሚመጣው ሰው አነሰ። አሁን እኔ ብቻ ነኝ ማለት ይቻላል።

ሰማያዊው ገመድ እስከ ዛሬ አለ። ማሽኑ ከተዘጋ ቆየ፤ መሪጌታ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን በጨርቅ ይጠርጉለታል። እንግዳ ሲመጣ ወደ ገመዱ እያሳዩ «ይህ ሰው ባይኖር ያን የመጨረሻውን ሁለት ወር ጸናጽል አልሰማም ነበር» ይሉታል። ያን ጊዜ ምን እንደምሆን ታውቃላችሁ? ቢሰድቡኝ፣ በመቋሚያቸው ቢመቱኝ እችለው ነበር። ምስጋናቸውን ግን አልቻልኩትም።

ገንዘብ አልተቀበልኳቸውም። አልጠላኋቸውም፤ ከሰው ሁሉ አብልጬ እወዳቸዋለሁ። መርፌውንም ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱም አያድነኝም።

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልንገራችሁ፤ እስካሁን ካልኩት ሁሉ ይልቅ የማፍርበትን። ለመሪጌታ ብዙ ጊዜ ተናዝዤአለሁ። በአፌ ነው የተናዘዝኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እርሳቸው በመስኮት ጉሙ ሲወርድ እያዩ፣ እኔ ራሴን ደፍቼ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግራቸዋለሁ። «መዞሪያዋን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው» እላቸዋለሁ። እንደማይሰሙኝ አውቄ ነው የምነግራቸው። አንዳንዴ ጢሜ ሲንቀሳቀስ ያዩና ዞር ብለው «ምን አልክ ያረጋል?» ይሉኛል። ደብተሩን እስባለሁ። «ስለ ዝናቡ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። «አዎ፣ ዘንድሮስ በዛ» ይሉኛል። ይህ ምን ዓይነት ንስሐ ነው? ጆሯቸውን ወስጄ በጎደለው ጆሯቸው መሸሸጊያ ሠራሁ።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩ አለቀ። አዲስ ልገዛ ስል አሮጌውን እቤቴ ወስጄ አገላበጥኩት። የሌላው ሰው ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ የቀረው የእኔ ነው። ጉራዬ አለ፣ ቀልዴ አለ፣ የሰው ሐሜት አለ። በየጥቂት ገጹ ደግሞ በእኔ እጅ ጽሑፍ «ስለ ዝናቡ ነው» ይላል። ልቆጥረው ጀምሬ ተውኩት። በበጋም ጽፌዋለሁ። ዝናብ በሌለበት በየካቲት «ስለ ዝናቡ ነው» ብዬ ጽፌአለሁ፤ እርሳቸውም አንብበው ቀና ብለው አይተውኝ «አዎ» ብለዋል።

ይህን ሳይ አዲሱን ደብተር ገዛሁ። እስካሁን ያነበባችሁት ሁሉ የተጻፈው በእርሱ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጠረጴዛቸው ላይ አኖረዋለሁ። መጀመሪያ እርሳቸው ያነቡታል፤ ቀጥሎ ብርቄ፣ ከዚያም ከዚያ ቤት ገብቶ ሊጽፍ ደብተሩን የሚከፍት ሁሉ ያነበዋል። የንስሐ አባቴም አንድ ቀን ሊጠይቋቸው ይመጡ ይሆናል። «ሌላስ?» ላሉኝ መልሱ ይኸው ነው።

መሪጌታ፣ ይህን ሲያነቡ እንደ ልማዴ ከጎንዎ አልቀመጥም። ከፊትዎ፣ ዓይንዎ ከሚያየኝ ቦታ እቀመጣለሁ። እስኪጨርሱ አልነሣም። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጽፍም፤ ይህን ብጽፍ ደግሞ እርስዎ ደግ ነዎትና ቶሎ ይሉኛል፤ እኔም ቀና ብዬ እሄዳለሁ። ቀና ብዬ መሄድ አይገባኝም። ውጣ ካሉኝ እወጣለሁ፤ ያን ቤት ካጣሁ የምሄድበት እንደሌለኝ ያውቃሉ፤ ያም ቢሆን እወጣለሁ። በአሮጌው ደብተር «ስለ ዝናቡ ነው» የሚል ባገኙበት ቦታ ሁሉ፣ ስለ ዝናቡ አልነበረም።

አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር። ጋቢዎ ረጥቦ፣ ዝናቡን አቋርጠው መጥተው፣ ማሽኑ ነው ወይስ ጆሮዬ ብለውኝ ነበር። ስድስት ዓመት ዘግይቼ እመልሳለሁ።

ጆሮዎ ነበር፣ መሪጌታ። ከሱቄ በር ሳይወጡ አውቄዋለሁ።